ማንም ያልነካው ሣጥን

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቃል። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ጉልበቴን አያመኝም፣ ፀጉሬም አልሸበተም፤ ሥራዬ ግን ጥሎኝ ሄዷል። ሥራ ጥሎሽ ሲሄድ ጡረታ ካልተባለ ምን እንደሚባል አላውቅም። አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲከራከር እያዳመጥሁ፣ የተባለውን አንድ በአንድ ሣጥን ውስጥ እየከተትሁ፣ ከሣጥን ወደ ሣጥን ቀስት ስስል ኖርሁ። ዘንድሮ ይህንን የሚሠራ ፕሮግራም መጣ። የተቀዳውን ድምፅ ራሱ ይሰማል፣ ራሱ ይጽፋል፣ ሣጥኑንም ቀስቱንም ራሱ ይስላል። እኔ ሁለት ቀን የምለፋበትን እሱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። አላለቀስሁም። ኩባያዬንና ነጠላ ጫማዬን በፌስታል አድርጌ ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። መካነ ብርሃን በምትባል የደጋ ከተማ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። እሱን በአፌ ስናገር ሁልጊዜ ለራሴ እያሳመርሁ ነው። ወረቀት ላይ ማሳመር ይከብዳል ይላሉ፤ እስቲ ልሞክረው።

ከዚህ ሥራ የገባሁት በምላሴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባ ሲለኝ፣ ጎንደር ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ታይፕ አደርግ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ሻሿን ሸብ አድርጋ፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተሸክማ መጣች። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ግንብ ሲከራከሩ የተጻፈ ነው። ታይፕ አድርጌ ስጨርስ አላስቻለኝም።

«እነዚህ ሰዎች እኮ አልተከራከሩም» አልኋት።

«ምነው?»

«አንዱ ግንቡ ያረጀ ነው ይላል። ሌላው ግንቡ የአባቴ ነው ይላል። ያረጀም የአባትም ሊሆን ይችላል። ማንም ለማንም አልመለሰለትም፤ ተጯጩኸው ነው የተለያዩት።»

የሱቁ ባለቤት ደንበኛ ልታባርሪብኝ ነው ብሎ አፈጠጠብኝ። ሴትዮዋ ግን መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ትምህርትሽ ምን ድረስ ነው?» አለች። ነገርኋት። «ሰኞ ነይ» ብላኝ ወጣች። የት እንደምመጣ አልነገረችኝም ነበርና ከመንገድ ተመልሳ ነገረችኝ።

እትዬ ዘሃራ ይህች ናት። ቤተሰቧ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ የጎንደር ሙስሊሞች ናቸው። እሷ ኮምፒውተር ተምራ ብዙ ዓመት አስተምራለች። ዶክተር ሲሏት «ማንን አከምሁ?» ስለምትል ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት። የምትመራው ፕሮጀክት ሐሳቡ ቀላል ነው። ሽማግሌ ፊት የሚደረገውን ክርክር መቅዳት፤ ማን ምን አለ፣ የቱ ቃል የቱን ቃል መታ የሚለውን በሥዕል ማውጣት፤ ከዚያ የቱ ቃል እንደቆመ፣ የቱ እንደወደቀ በሒሳብ ማሳየት። ፍርዱ የሽማግሌዎቹ ነው። እኛ የምንሰጣቸው ወረቀት ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ኮምፒውተር አላስነካችኝም። ከለስላሳ መሸጫው ያስለቀመችው አንድ ኩርቱ ፌስታል ቆርኪ ነበራት፤ ግማሹን አረንጓዴ፣ ግማሹን ቀይ ቀብታዋለች። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግታ ሣጥንና ቀስት አስሳለችኝ።

«አሁን ስሚኝ» አለች። «መጀመሪያ ማንም ያልነካውን ሣጥን ፈልጊ። ቀስት ያልደረሰበት ቃል ይቆማል፤ አረንጓዴ ቆርኪ አድርጊበት። አረንጓዴው ቀስት የወረወረበት ቃል ይወድቃል፤ ቀይ አድርጊበት። ከዚያ ሥዕሉን እንደ አዲስ እዪው። የመቱት ሁሉ ቀይ የሆኑለት ቃል ካገኘሽ፣ አሁን የሚነካው ስለሌለ እሱም ይቆማል። እንዲህ እያልሽ የሚቀየር ነገር እስኪጠፋ ሂጂ። ቆርኪ ያልደረሰው ሳይፈታ ቀረ ማለት ነው፤ ባዶውን ተይው።»

«በቃ? አልጎሪዝም የሚሉት ይኸ ነው?»

«ይኸ ነው። ኮምፒውተሩ ካንቺ የሚበልጠው ስለማይሰለቸው ነው።»

ሞከርሁት። «ላሟን ገበያ ላይ ገዝቻታለሁ» ይላል አንዱ። «የሸጠልህ ሰው ሰርቆ ነው» ይላል ሁለተኛው፤ የመጀመሪያው ወደቀ። ሦስተኛው ይመጣና «ሻጩ ከእናቱ የወረሳት ላም ናት፤ አገር ያውቃል» ይላል። ሁለተኛው ይወድቃል፣ የመጀመሪያው ደግሞ ብድግ ይላል። አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ ሳይጮህ። ይህን ባየሁ ጊዜ ሳቅሁ። እኛ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚጮኸው ከወደቀበት የሚያነሣው የራሱ ጩኸት ስለሚመስለው ነው።

እትዬ ዘሃራ አንድ ክርክር ማንበብ ስትጀምር የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ትደፋዋለች። ከዚያ ትቆማለች፤ ተቀምጣ አንብባ አታውቅም። ጽሑፉን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሁለት ጊዜ ታነበዋለች፤ አንዴ በአንዱ ወገን አንደበት፣ አንዴ በሌላው። የጠላችውን ሰው ቃል በተለይ አሳምራ ነው የምታነብለት። እኔ የጠላሁትን ሰው ቃል አሳጥሬ ስጽፍ ሳታይ ታውቅብኛለች። «ይህን ሰውዬ ጠልተሽዋል፤ በሦስት ቃል ቀበርሽው» ትለኛለች። ልክ ነሽ ብላኝ አታውቅም። ሥዕሌን አይታ «ማን ነካው?» ትላለች፤ ወደ እያንዳንዱ ሣጥን ጣቷን እየቀሰረች፣ ማን ነካው፣ ይህንንስ ማን ነካው። ስቸኩል ስታየኝ ደግሞ «ስምሽ ማስተዋል፣ ሥራሽ ጥድፊያ» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ስሜ ማስተዋል ነው።

መጀመሪያ የተመደብሁት ፀዳ ነው። አዲስ ቤት በየቀኑ የሚበቅልበት ሰፈር ስለሆነ የጣሪያ ውሃ ክርክር አያልቅበትም። «ውሃህ ግድግዳዬን በላው፣ ድሮም አንተ ሰው አትሰማም፣ ወንድምህም እንዳንተ ነው» ይላል አንዱ በአንድ ትንፋሽ። ከዚህ ውስጥ ሣጥን የሚገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ስድብ ቀስት የለውም። ይህን ፀዳ ላይ ተማርሁ፤ ለራሴም ጠቅሞኛል፤ ስድቤን ቀንሻለሁ። እናቴ አልቀነስሽም ትላለች።

ሁለተኛው አዲ አርቃይ ነው። ከተራራው ሥር ስለሆነ ይሞቃል፤ ሰዉ በመንገዱ ነው የሚኖር። እዚያ ሹፌርና ነጋዴ ሲከራከሩ «ማኪናው የዘገየው ጭነቱ ስለዘገየ ነው»፣ «ጭነቱ የዘገየው ማኪናው ስለዘገየ ነው» ይባባላሉ። ቀስቱ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ ነው። ያልተነካ ሣጥን ስለሌለ ቆርኪው የሚጀምርበት ቦታ ያጣል፤ ወረቀቱ ባዶ ይወጣል። የቢሯችን አስተባባሪ አቶ ፍስሐ ይህን አይወድም ነበር።

«ባዶ ሣጥን ሪፖርት ላይ አያምርም» አለኝ። «አንዱን አረንጓዴ አድርጊልኝ።»

«የቱን?»

«ደስ ያለሽን።»

«እንግዲያው መጥተህ ሹፌሩን ራስህ ንገረው።»

ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። እትዬ ዘሃራ በማግሥቱ ቀለም ያልተቀቡ ቆርኪዎች እፍኝ ሙሉ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት። «እነዚህም ሥራ ናቸው፣ ፍስሐ» አለችው። የኔ ደመወዝ የቤት ኪራይና የስልክ ካርድ ይሸፍን ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚወራለት አይደለም።

መካነ ብርሃን የተላክሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። ጉዳዩ የውሃ ተራ ነበር። ከምንጩ ወደ ማሳው የሚወርድ አንድ ቦይ አለ፤ ገበሬዎቹ ቀን ተካፍለው ነጭ ሽንኩርትና ድንች ያጠጡበታል። ማክሰኞ ወርቄ የምትባል ሴት ባል ተራ ነበር። ባሏ ሞተ። ወርቄ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ በማክሰኞ ውሃ ነው። የባሏ አባት አያ ተገኘ ግን ሽማግሌ ሰበሰበ።

«ውሃው የኔ ነው» አለ። «ለልጄ አዋስሁት። ልጄን አፈር በላው። የተዋሰ ነገር ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።» ለታናሽ ልጁ ሊሰጠው ነው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢያቸው አያ ደስታ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ የሚቀመጥ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። መቅረጫዬን አበራሁ። አያ ተገኘ ተናገረ። ታናሽ ልጁ ተናገረ። አንድ ጎረቤት ተነሥቶ «መበለት ናት፣ ይታዘንላት» አለ። ወርቄ ከኋላ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ የምትይው አለሽ?» አላት አያ ደስታ።

«ምን እላለሁ። እናንተ ታውቃላችሁ» አለች፤ መሬት መሬት እያየች። በቃ።

ሥዕሉን ሠራሁት። ሣጥን አንድ፦ ውሃው ውሰት ነው። ሣጥን ሁለት የታናሽ ልጁ ቃል፣ አባቱን የሚደግፍ። ሣጥን ሦስት የጎረቤቱ፤ ይታዘንላት ማለት ውሰት አይደለም ማለት ስላልሆነ ሣጥን አንድን አይነካውም። ስለዚህ ሣጥን አንድን የነካው የለም። አረንጓዴ።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለን፤ መልሶ ማንበብ ይባላል። ወረቀቱ ለሽማግሌዎቹ ከመሰጠቱ በፊት ለነበሩት ሁሉ፣ የተናገረም ያልተናገረም፣ ለየብቻ ይነበብና «የቀረ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለአያ ተገኘ አነበብሁ። ለልጁ አነበብሁ። ለጎረቤቱ አነበብሁ። የወርቄ ቤት ከገደሉ ማዶ ነው፤ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ መውጣት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ወደ ደባርቅ የምትሄደው ማኪና ደግሞ ጡሩምባዋን እየነፋች ነው። ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሠርግ አለ፤ ብርዱ አጥንቴን ቆርጥሞታል፤ ስልኬ ላይ ሰዓቱን አየሁ። ሴትዮዋ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ምኑን ነው መልሼ የማነብላት አልሁ። ቅጹ ላይ በስሟ ትይዩ «ተነብቦላታል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ፈረምሁ፣ ወረቀቱን ሰጥቼ ማኪናዋ ላይ ዘለልሁ።

በአፌ ስናገር የማሳምራት ይህችን ነው። «ጊዜ አጥሮኝ ነበር» እላለሁ። ጊዜ አላጠረኝም። ዋሸሁ።

ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አዩ። ብቻውን የቆመ አረንጓዴ ሣጥን አዩ። ማክሰኞ ለአያ ተገኘ ተሰጠ።

ከወር በኋላ እትዬ ዘሃራ ፋይሉን አወጣች። ሰዓቷን ደፋች፣ ቆመች፣ በአያ ተገኘ አንደበት አነበበች፤ አሳምራ። ከዚያ የወርቄ ተራ ደረሰ። «ምን እላለሁ። እናንተ ታውቃላችሁ።» ቆም አለች። ደገመችው። ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ አነበበችው፣ በቀስታ።

«ይህን ስትል ማንን ታያለች?» አለችኝ።

«መሬት ነው የምታየው።»

«አማቷ የት ነው?»

«እፊቷ።»

«በአማቷ ፊት ስሙን እንኳ የማትጠራ ሴት፣ ዋሽተሃል ትለዋለች?» አለች። «ስታነቢላት ምን አለችሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። ቅጹ ይመሰክርልኛል። «አላነበብሁላትም» አልሁ።

አልጮኸችም። ሰዓቷን አነሣች፣ እጇ ላይ አሰረችው። ንባቧን ሳትጨርስ ሰዓቷን ስታስር ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አልጎሪዝሙ የሰጡትን ነው የሚያውቀው» አለች። «የሚነካው ያጣ ቃልንና ሰው ሊነካው ያልደፈረውን ቃል አይለይም። ሁለቱንም አረንጓዴ ነው የሚያደርጋቸው። ያንን እንድትለዪልኝ ነው አንቺን የቀጠርሁሽ።»

«ምን ላድርግ?»

«ሂጂ።»

«ሄጄ ምን ልበላቸው?»

«ያደረግሽውን።»

ስደርስ ወርቄን ማሳዋ ላይ አገኘኋት። በጄሪካን ውሃ ተሸክማ ሽንኩርቷን አንድ በአንድ ታጠጣለች። የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆኗል።

«ምነው ተመለስሽ?» አለችኝ።

«ያኔ ሳላናግርሽ ሄድሁ። ያናገርሁሽ አስመስዬም ፈረምሁ። ውሃሽ የሄደው በዚያ ነው።»

ጄሪካኑን አስቀመጠች። ስድብ ስጠብቅ «ቆሎ ትበያለሽ?» አለችኝ። ቤቷ ገብተን መደቡ ላይ ተቀምጠን ቆረጠምን።

«ያን ዕለት ምነው ሳትናገሪ ቀረሽ?» አልኋት።

«አንቺ አማት አለሽ?»

«አላገባሁም።»

«ታዲያ ዝም በይ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «የልጆቼ አያት ነው። በሰው ፊት ዋሸ ብዬው በየት በኩል ተመልሼ እገባለሁ? ውሃ ቢቀርብኝ በጄሪካን እቀዳለሁ። አያት በጄሪካን አይቀዳም።»

መቅረጫውን በመካከላችን አስቀመጥሁት። «ስሙን አትጥሪ። በሰው ፊትም አትናገሪም። እውነቱን ለዚህ ዕቃ ንገሪው፤ ሰው ፊት የሚናገረው ወረቀቱ ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተናገረች። ቦዩ ሲወጣ፣ የቆፈረ ሁሉ የአንድ ቀን ተራ ይወስዳል ተብሎ ነበር። አማቷ በራሱ ቆፍሮ የራሱን ሐሙስ ወሰደ። ባሏ ለብቻው አሥራ ሁለት ቀን ቆፈረ፤ ድንጋይ ሲፈነቅል አውራ ጣቱ ተቀጠቀጠ። ማክሰኞን ያገኘው እንዲያ ነው።

«ያየ ሰው አለ?»

«ከጎኑ የቆፈረ አለ» አለች። «ግን እሱ ዳኛ ነው።» አያ ደስታን ማለቷ ነው።

እዚያው መደቡ ላይ ሣጥን አራትን ሳልሁ፦ ማክሰኞን ያገኘው ቆፍሮ ነው። ከእሱ ወደ ሣጥን አንድ ቀስት። ሣጥን አንድ ቀይ ሊሆን ነው፤ ሣጥን አራትን የሚነካ ካልመጣ። አነበብሁላት። «የቀረ አለ?» አልኋት። «የለም» አለች። ያኔ ብቻ ምልክት አደረግሁ።

ሽማግሌዎቹን ማሰባሰብ ሦስት ቀን ፈጀ። ከመካከላቸው አንዱ ገና ሳልቀመጥ «የታረቀ ነገር አይቆሰቆስም» አለኝ።

«አልታረቀም» አልሁ። ድምፄ እንደ ልማዱ ነው። «ለሁሉም አነበብሁ ብዬ ፈርሜ ነበር። ለወርቄ አላነበብሁም። የፈረዳችሁበት ወረቀት ውሸታም ነው፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

«ይች ልጅ አፏ አይፈራም» አለ ሽማግሌው።

«እግሯ ነው የቸኮለ» አለ አያ ደስታ። ወደ እኔ ሳያይ «አንብቢ» አለኝ።

ሣጥን አራትን አነበብሁ። አያ ተገኘ ከመቀመጫው ቀና አለ። «ይህን ማን አለ?» አለ። ዓይኑን ወደ ወርቄ ወረወረ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች።

«ሣጥን አራት ነው ያለው፣ አያ» አልሁት።

«ሣጥን ምላስ አለው?»

«ምላስ የለውም። መልስ ካለህ ግን ቀስት እስልበታለሁ። ልጄ አልቆፈረም በለኝና ልሳልልህ።» እስክሪብቶዬን አንሥቼ ጠበቅሁ።

አላለም። እኔ ዝምታ አልወድም፤ ሌላ ቀን ቢሆን በወሬ እሞላው ነበር። ያን ቀን እስክሪብቶውን ይዤ ቆምሁ።

አያ ደስታ ከዘራውን ከጭኑ ላይ አነሣና አጠገቡ ላለው ሽማግሌ ሰጠው። ከዳኛ መቀመጫው ተነሣ። ሜዳውን ተሻግሮ ምስክር የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ለዚህ ነገር ዳኛ አይደለሁም» አለ። «ጠይቁኝ።»

ከዘራውን የተቀበለው ሽማግሌ ግራ ተጋባ። «ቆፍሯል?» አለው።

«ከጎኔ ቆፍሯል። ጣቱ ሲቀጠቀጥ በጋቢዬ ጫፍ የጠቀለልሁለት እኔ ነኝ።»

«ያን ጊዜ ምነው ዝም አልህ?»

«ዳኛው ምስክር ከሆነ ማን ይዳኝ? ወረቀቱ ይጠይቃል ብዬ ነበር» አለ፤ አሁን አየኝ። «ወረቀቱም ዝም አለ።»

ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አያ ተገኘ ጉሮሮውን ጠረገ። ኩታውን አስተካከለ። «ልጄ መቆፈሩን መች ካድሁ» አለ። «አዋስሁት ያልሁት… ዶማውን ነው። ዶማዬ ይመለስልኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው አያ ደስታ ነው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ጎረቤቱ፣ መጨረሻ ላይ አያ ተገኘ ራሱ። ወርቄ ነጠላዋ ውስጥ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ታልቅስ ትሳቅ አልለየሁም። ከሰዓት በኋላ ትልቁ ልጇ ዶማውን አጥቦ ለአያቱ ወሰደለት። አያቱ ድንች ቀቅሎ አብልቶ መለሰው።

ማኪናዋ ሁለት ጊዜ ጡሩምባዋን እየነፋች ሄደች፤ አልተሳፈርሁም። ማክሰኞ እስኪደርስ ቆየሁ። ጠዋት ወርቄ የቦዩን አፍ በእግሯ ከፈተች፤ ውሃው ቅጠሉ ቢጫ የሆነውን የሽንኩርት መደብ ሁሉ አዳረሰው። ከዚያ ሄድሁ።

አቶ ፍስሐ ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ይህኛው ይገባኛል። እትዬ ዘሃራ ቀለሙን የሚሰጠውን የያኔውን ፕሮግራም ከሚሠሩት ልጆች ጋር ስትመካከር ሰነበተችና አንድ ሠንጠረዥ አስጨመረች፤ «ዝም ያሉ» የሚል። በክርክሩ ላይ የነበረና ያልተናገረ ሰው ስሙ ይገባል፤ ለብቻው ተጠይቆ እንደሆነም ይሞላል። ይህ እስካልተሞላ ድረስ የትኛውም ሣጥን አረንጓዴ አይሆንም። በቃ እምቢ ይላል። እኔም ደስ አለኝ፤ እኔን የመሰለ ቸኳይ ቢመጣ እምቢ የሚለው ነገር አለ።

ዘንድሮ አዲሱ ፕሮግራም ሲመጣ፣ የሚገጥመው ወጣት ያንን ሠንጠረዥ አይቶ «ይኸ ነገር ሥራውን ያዘገየዋል፣ ላውጣው?» አለ። እትዬ ዘሃራ ወደ እኔ ላከችው። ይህን ሁሉ ነገርሁት፤ ዶማው ላይ ስደርስ ሳቀ፣ ጋቢው ላይ ስደርስ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ። አላወጣውም። ፕሮግራሙ ከኔ የተሻለ ቀስት ይስላል፤ አልቀናም። ገደል ወርዶ ወርቄን ለመጠየቅ ግን እግር የለውም። ጥያቄውን አሁን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ ካልጠየቁ ወረቀት አይወጣላቸውም። በኔ ቦታ የተቀጠረ ሰው የለም፤ አያስፈልግም። በመጨረሻው ቀን እትዬ ዘሃራን «ታዲያ ልክ ነበርሁ?» አልኋት፤ አምስት ዓመት ሙሉ የቋመጥሁለትን ቃል እንድትሰጠኝ። «ማን ነካሽ?» አለችኝ፤ አቀፈችኝ።

አሁን ፀዳ ላይ ጠረጴዛና ጃንጥላ ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰው ነገሩን ሲጨርስልኝ «በዚህ ነገር ዝም ያለ ማን አለ?» እላለሁ። አንዳንዱ ምን አገባሽ ይላል። አንዳንዱ ተነሥቶ ሄዶ ሚስቱን ይዞ ይመጣል።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ወርቄ ናት።

«እዚህ አንዲት ሙሽራ ሽማግሌ ፊት ቀርባለች፤ በጥሎሽ በጎች ነገር» አለችኝ። «ያንቺን ሥዕል በጠጠር ሠራሁት። ማንበብ ባልችልም ጠጠር መደርደር አያቅተኝም። ቀስቱን በገለባ አድርጌዋለሁ።»

«ሸጋ። ያልተነካ ጠጠር አለ?»

«አንድ አለ። የአማቷ ቃል። ማንም አልነካውም።»

«ታዲያ ቆመ ማለት ነው?» አልኋት፤ ልፈትናት ብዬ።

«አብደሻል?» አለችኝ። «ልጅቷ እኮ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባለች።»

ስልኩን ሳትዘጋ ጉያዋ የከተተችው መሰለኝ። እግሯ ደረቅ ሣር ላይ ሲራመድ ይሰማኛል። ደንበኛዬ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ይቁነጠነጣል፤ ቆይ አልሁት በእጄ። እርምጃዋ ቆመ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፣ ዝግ ብሎ፦

«ነይ እስቲ፣ ወዲህ፣ ለብቻችን። ምን ልትይ ነበር?»